ዘይቤ ሐሰት ነውን?

ካርቱም ውስጥ እንግሊዝኛ መማር ከሌላው ትምህርት ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው። ሰው ዓረብኛን የሚማረው ለመኖር ነው፤ መምህሮቹም ገበያው፣ አውቶቡሱና የአሠሪው ቤት ናቸው። እንግሊዝኛን ግን የሚማረው ለመሄድ ነው። ደብተር ተገዝቶ፣ ከወር ደመወዝ ተቀንሶ፣ ከሥራ መልስ በደከመ ዓይን የሚጠና የነገ ቋንቋ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2023 የፈነዳው ጦርነት ነዋሪውን እስኪበትነው ድረስ፣ በዴምም ሆነ በጅሬፍ፣ ከቡና ቤቱና ከእንጀራ መሸጫው ጎን ለጎን እንዲህ ያሉ የማታ ክፍሎች ነበሩ። ይህ ጸሐፊም ጠመኔ ይዘው ከቆሙት አንዱ ነው።

በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ከግሥና ከመስተዋድድ ምዕራፎች በኋላ ተማሪውን ሁሉ የሚያስጨንቅ አንድ ገጽ ይመጣል። ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሃይፐርቦሊ፣ አይረኒ፣ ዩፈሚዝም፣ ኦክሲሞሮን። ተማሪው በኅዳጉ ላይ የአማርኛውን አቻ እየጻፈ ይወርዳል፤ ተነጻጻሪ ዘይቤ፣ ተለዋጭ ዘይቤ፣ ሰውኛ ዘይቤ፣ ግነት፣ ምጸት። አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ስሞቹን ያስታውሳቸዋል፤ ያልደረሰ እንደ መድኃኒት ስም ይሸመድዳቸዋል። ፈተናው ያልፋል፤ ገጹም ይረሳል። ‹‹ለኑሮ የማይፈይድ›› ብለው ገጹን የሚዘሉት መምህራንም ጥቂት አይደሉም። ሥራ ፈላጊ ሰው ማመልከቻ መጻፍ እንጂ የዘይቤ ስም መዘርዘር ምን ያደርግለታል? ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የተሳሳተ ይመስለኛል።

አንዲት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ተማሪ የሜታፎርን ትርጉም ጽፋ እንደ ጨረሰች ‹‹መምህር፣ አንዱን ነገር ሌላ ነው ማለት ከሆነ፣ ይሄ ውሸት አይደለም እንዴ?›› ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የተከራከሩበት ነው፤ ለእርሷና ለጓደኞቿ ደግሞ የዕውቀት ጌጥ ሳይሆን የዕጣ ፈንታ ጉዳይ ነበር።

ከደርግ ዘመን አንሥቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሰደዋል። ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1974 ተቀብላ ነበር፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች ወዲህ ካርቱም ሰው የሦስተኛ አገር ዕድሉን የሚጠባበቅባት ከተማ ሆነች። ‹‹ኬዝህ ምን ደረሰ?›› ከ‹‹እንዴት አደርህ?›› ቀጥሎ የሚመጣ ሰላምታ ነበር። ያንን ኬዝ የሚወስነው ግን በመጨረሻ አንድ ጠረጴዛ ነው። ከወዲህ ባለታሪኩ፣ ከወዲያ ጠያቂው፣ በመካከል አስተርጓሚው ይቀመጣሉ። ባለታሪኩ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም፤ ምስክር የለውም፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። ጠያቂው የሚመዝነውም ያንኑ ቃል ነው፤ መጀመሪያ የተባለው ኋላ ከተባለው ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?

እንበልና አንድ ሰው ስለ እስራቱ ሲጠየቅ ‹‹ሁለት ዓመት ሙሉ ፀሐይ አላየሁም›› አለ። ጠያቂው ጻፈ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለ ጠባቂዎቹ ሲጠየቅ ያው ሰው ‹‹ጧትና ማታ ለሽንት ሲያወጡን እንተያይ ነበር›› አለ። ጠያቂው ይህንንም ጻፈ፤ ከጎኑም ምልክት አደረገ። ጧት ከወጣህ ፀሐይ አይተሃል። አይተህ አላየሁም ካልህ ዋሽተሃል። በዚህ ከዋሸህ በሌላውስ? እንዲህ እያለ አንድ የታመነ ታሪክ ከአንድ ግነት የተነሣ ሊናድ ይችላል። በእኛ አፍ ግን ሰውየው የተናገረው ከእውነት የጠለቀ እውነት ነው። ‹‹በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ እንወሰድ ነበር›› ቢል ኖሮ የጨለማው ቤት ክብደት ይጠፋበት ነበር።

ታዲያ ዋሽቷልን? ወደ ጥንቱ ክርክር እንመለስ። አውግስጢኖስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት በካርታጎ፣ በሮምና በሚላኖ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር፤ ቃል እንዴት እንደሚያምርና እንዴት እንደሚያታልል ከማንም ይልቅ ያውቃል። ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍትን ሲጽፍ ሐሰትን ከእውነታ ጋር ባለመግጠሙ ብቻ አልለካውም፤ በልብ ሌላ ይዞ በአፍ ሌላ በመናገርና ለማሳት በማሰብ ለካው። በምሳሌና በምሥጢር የሚነገር ነገርም ወደሚያመለክተው ቁም ነገር ሲመራ ከሐሰት እንደማይቈጠር ተከራከረ። ይህ ሚዛን መልካም ነው፤ ጉድለቱ ግን የተናጋሪን ልብ የሚያይ ዳኛ መሻቱ ነው። ጠረጴዛው ዘንድ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም።

የተሻለውን መልስ ያገኘሁት እዚያው በእንግድነት ከተቀመጥንበት አገር ቋንቋ ነው። የሱዳን ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ‹‹በላጋ›› የሚባለውን የዓረብኛ የአነጋገር ጥበብ ይማራል። ከዚህ ጥበብ ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1229 ያረፈው አስ-ሰካኪ፣ ተለዋጭ ዘይቤን ከሐሰት የሚለዩትን ሁለት ነገሮች ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ዘይቤው ፍች የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ተናጋሪው ‹‹ቀሪና›› የሚባል ምልክት መትከሉ ነው፤ ‹‹ቃሌን እንደ ወረደ አትውሰደው›› የሚል ጠቋሚ። ‹‹አንበሳ አየሁ፣ ሰይፉን መዘዘ›› ሲባል ሰይፉ ቀሪና ነው፤ አንበሳ ሰይፍ አይመዝምና። ውሸታም ግን ቀሪናውን ይደብቃል፤ ቃሉ እንደ ወረደ እንዲታመንለት የሚደክመው ለዚህ ነው። እንግዲህ ለተማሪዋ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ይህ ነበር፤ ዘይቤ በሩን ክፍት ትቶ የሚወጣ፣ ሐሰት ደግሞ ቆልፎት የሚወጣ አነጋገር ነው።

በዚህ ላይ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ብዬም ቢሆን፣ ስሞቹን ራሳቸውን ልመልከት። በግሪክኛ ሜታፎር ማለት ማሻገር፣ ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ማድረስ ነው፤ ዛሬም በግሪክ አገር የቤት ዕቃ በሚያጓጉዙ መኪናዎች ላይ ይኸው ቃል ተጽፎ ይታያል። ዓረቡ ‹‹ኢስቲዓራ›› ይለዋል፤ መዋስ ማለት ነው። አማርኛው ‹‹ተለዋጭ›› አለው። ግሪኩ ያጓጉዛል፣ ዓረቡ ይዋሳል፣ እኛ እንለውጣለን። ከሦስቱ የዓረቡ ይበልጥብኛል፤ የተዋሱት ነገር ባለቤት እንዳለውና እንደሚመለስ ያስታውሳልና። ኦክሲሞሮን የሚለውን ግን በአያዎ አልለውጠውም። ግሪኩ ‹‹ስል ደነዝ›› ብሎ ሲጠማዘዝ አማርኛው ‹‹አይ››ንና ‹‹አዎ››ን አጋብቶ በሦስት ፊደል ጨረሰው። ከመቼና ከየት የተገኘው ‹‹መቼት››ም እንዲሁ ነው። ገጣሚውና የቴአትር መምህሩ ደበበ ሰይፉ ስሙ ሲነሣ ከሚመሰገንባቸው ሥራዎች አንዱ እንዲህ ያሉ የሙያ ቃላትን ለአማርኛ ማበርከቱ ነው።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። አስ-ሰካኪ ያሰበው ተናጋሪና ሰሚ አንድ ቋንቋ ሲጋሩ ነው። ቀሪና ሁልጊዜ እንደ አንበሳው ሰይፍ በቃል የተገለጸ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለ የጋራ ዕውቀት ነው። ‹‹በሣቅ ገደለኝ›› ሲባል አስከሬን የሚፈልግ አበሻ የለም። ‹‹ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ›› ሲባል የሚቈጥር የለም። በትርጉም ጊዜ ግን ቃሉ ይሻገራል፤ ቀሪናው ወዲህ ማዶ ይቀራል። እንግዲህ አስደናቂው ነገር ይህ ነው፤ ማንም ሳይዋሽ ውሸት ይፈጠራል። ባለታሪኩ እውነት ተናገረ፣ አስተርጓሚው የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰ፣ ጠያቂው የደረሰውን በትጋት ጻፈ፤ በመዝገቡ ላይ ግን የሚጋጭ ቃል ተቀምጧል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2023 የካርቱም ሰው ራሱ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲሻገር፣ ዓረብኛ ተናጋሪው ተሰዳጅ አማርኛ ተናጋሪ መዝጋቢ ፊት ቆመ። እርሱም በቋንቋው ልማድ ያጋንናል፣ ያነጻጽራል፣ በፈጣሪ ስም ይምላል። ትናንት በጠረጴዛው ወዲህ የነበረ ሕዝብ ወዲያ ተቀመጠ። ለብዙ ዓመታት ‹‹አልገባቸውም›› ስንል የኖርነውን ያህል እኛስ ገብቶን ይሆን?

አንዳንድ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በባህላችን ላይ ይጥላል። ‹‹ሰምና ወርቅ ስንማር ኖረን ቀጥ አድርጎ መናገር አቃተን›› የሚል ትችት ከቡና ወሬ እስከ ሊቃውንት መጽሐፍ ይሰማል። የቺካጎው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ‹‹ሰምና ወርቅ›› ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ይህ ልማድ የሚሰጣቸውን አራት አገልግሎቶች ዘርዝሯል፤ ለጨዋታ፣ በጨዋ ደንብ ለመሳደብ፣ ገመናን ለመሸፈንና ባለሥልጣንን ለመተቸት። ከዘመናዊ ሥራ ጋር ግን ይጋጫል ሲል ተከራከረ፤ ዘመናዊ ሥራ የማያሻማ ቃል ይፈልጋልና። ይህንን መጽሐፍ የሚጠቅሱ ሰዎች ያው ሊቅ ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የዘመናችን ማኅበራዊ ሳይንስ ከአሻሚነት በመሸሹ የደረሰበትን ጉድለት የሚተች ሌላ መጽሐፍ ማውጣቱን ብዙ ጊዜ አያነሡም።

እኔ በመጀመሪያው መጽሐፍ አሳብ አልስማማም። ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በሰሙ ቦታ ይፈስሳል። ይህ ሥራ ሰሙ የቱ እንደ ሆነ፣ ወርቁ የቱ እንደ ሆነ አጥርቶ የማያውቅ ሰው ሊሠራው አይችልም። በዋሸራም ሆነ በዋድላ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናውን ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ‹‹ደስ ይላል›› ተብሎ አይለቀቅም። ሰሙን ለይ፣ ወርቁን ለይ፣ ኅብሩ የት ላይ ነው ይባላል። ማደናገር የተማረበት ቤት ሳይሆን መለየት የተማረበት ቤት ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ‹‹ሹሙ ይበላል›› ብለን ብንጽፍ፣ ላልቶ ሲነበብ ሹሙ በላተኛ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ሹሙ ራሱ ተበልቷል። ይህንን የሚያስተውል ጆሮ ለምስክርነት የተሻለ ጆሮ እንጂ የባሰ አይደለም። ጉድለቱ የሚጀምረው ቅኔውን ጥለን አሻሚነቱን ብቻ ስንይዝ ነው።

በሌላ በኩል ተማሪው በደብተሩ ኅዳግ ላይ ‹‹ሜታፎር ማለት ሰምና ወርቅ›› ብሎ እንዲጽፍም አልፈቅድም ነበር። ስም ከስም ጋር ማጋባት ቀላል ነው፤ ነገሩ ካልተጋባ ግን ጉዳት አለው። በ10ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ ውስጥ አቡ ቢሽር ማታ የአርስጣጣሊስን ‹‹ስለ ቅኔ›› ከሱርስት ወደ ዓረብኛ ሲመልስ፣ በአገሩ ቴአትር ስላልነበረ ትራጄዲን ‹‹ውዳሴ››፣ ኮሜዲን ‹‹ነቀፌታ›› አለው። የኮርዶቫው ኢብን ሩሽድም ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ሄደ። ያ ታላቅ አእምሮ መጽሐፉን ከመስመር እስከ መስመር ሲፈታ፣ ስለ ምን እንደሚናገር የሚያሳየው አንድ መድረክ በአካባቢው አልነበረም። የእኛው ሰምና ወርቅ ከሜታፎር ይልቅ የሚቀርበው ዓረቦች ‹‹ተውሪያ›› ለሚሉት ነው፤ በዚያም አንድ ቃል ቅርብና ሩቅ ትርጉም ይዞ ተናጋሪው ሩቁን ይሻል። ካርቱም ያደገ ልጅ በሦስት ቋንቋ መካከል ስለሚኖር ይህን ማነጻጸር አገር ቤት ካለው ይልቅ ይቀልለዋል። ያንን ሀብቱን ማንም ባይነግረው ያሳዝናል።

ከሁሉ በላይ ተማሪዎቼ እንዲያውቁት እመኝ የነበረው ግን ዩፈሚዝም፣ ማለትም ክፉውን ነገር በለዘበ ቃል መጥራት ነው። ‹‹ሞተ›› ላለማለት ‹‹ዐረፈ›› እንላለን፤ ቀሪናው ግልጽ ነውና ማንም አይሳሳትም። በስደት ያለ ሰው ግን ሌላውን ያውቃል። እናቱ ከተቀበሩ ሦስት ወር ሆኗቸው፣ ስልክ ሲደውል ‹‹ትንሽ አሟቸው ጠበል ሄደዋል›› ይባላል። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ መርዶ የሚነገርበት ወግ በባዕድ አገር ለብቻው ላለ ሰው ስለማይመች ነው ይባላል። ርኅራኄው አይካድም። ነገር ግን ይህ ማለዘብ አይደለም፤ በሩ ተቆልፏል። ሐሰት ነው። ለርኅራኄ የተነገረ ሐሰት ይፈቀዳልን ብለን መከራከር እንችላለን፤ ክርክሩን ለመጀመር ግን በስሙ መጥራት ያሻል። እኔ በበኩሌ ሰውን ከሐዘኑ የመለየት መብት ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ተነጻጻሪ ዘይቤም የዋህ አይደለም። ‹‹እኛ ቤት እንደ ቤተሰብ ናት›› የሚለው ቃል በካርቱም አሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነበር፤ አዲስ አበባም እንዲሁ ነው። በሲሚሊ ገጽ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ‹‹በምን?›› የሚለው ነው። እንደ ቤተሰብ በምን? በማዕዱ? በዕረፍት ቀን? ስትታመም በሚደረግላት? ብዙ ጊዜ መልሱ ቤተሰብ ደመወዝ አይጠይቅም የሚለው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ያችው ጠያቂዬ ይህን ስታገኝ አልሳቀችም፤ ደብተሯን ዘግታ ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ሥልጣን ደግሞ በዚህ ጥበብ የተካነ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ሰው ያለ ፍርድ መግደል ‹‹ነፃ እርምጃ›› ተባለ። ነፃ የሚለውም እርምጃ የሚለውም መልካም ቃላት ናቸው። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ በጻፈው መጣጥፍ የተቸው ይህንኑ ነበር። ተጠቂዎች ግን የራሳቸውን ስም ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ካርቱም ውስጥ ለነበሩት ስውር ማሠቃያ ቤቶች ሕዝቡ ‹‹የመናፍስት ቤቶች›› የሚል ስም ሰጣቸው። በአዲስ አበባው ወህኒ ላይም ‹‹ዓለም በቃኝ›› የሚል ስም ወጣበት፤ እስር ቤቱ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2012 የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቢመረቅበትም ስሙ አልጠፋም። ከባለሥልጣኑ ቀጥተኛ መሳይ ቃልና ከእስረኛው ዘይቤ የትኛው እውነቱን ተናገረ? ሁለቱም ዘይቤ ናቸው፤ አንዱ ይሸፍናል፣ አንዱ ይገልጣል።

ስለዚህ ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጅን ሰው ‹‹ዘይቤ አትጠቀም›› ብሎ መምከር አይገባም። ሐዘኑን የሚሸከምለትን ቃል መቀማት ነው። ይልቁንም ግነትን በስሙ የሚያውቅ ሰው ‹‹ፀሐይ አላየሁም›› ካለ በኋላ ‹‹ማለቴ፣ ከክፍሉ የምንወጣው በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ነበር›› ብሎ ራሱ ቀሪናውን ያሻግራል። ሸክሙ በደካማው ላይ ብቻ ይውደቅ ማለቴ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው መመሪያ መጽሐፍ ማስረጃ ለሌለው ሰው የጥርጣሬን ጥቅም መስጠት እንደሚገባ ይናገራል፤ ብዕሩን የያዘው ሰው የበለጠ ዕዳ አለበት።

አስተርጓሚውስ? ‹‹ይህ በቋንቋችን የተለመደ አነጋገር ነው›› ብሎ በራሱ ሥልጣን እንዲፈታ ቢፈቀድለት ደስ ይለን ይሆናል። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ዘይቤ የሚመስል ሁሉ ዘይቤ አይደለም። በደርግ እስር ቤቶች ያለፈ ሰው ‹‹ወፌ ላላ አደረጉኝ›› ይላል። አስተርጓሚው ደርግ ከወደቀ በኋላ የተወለደ ከሆነ ቃሉን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። ቃል በቃል ቢመልሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ‹‹ማጋነኑ ነው፣ አጉላሉኝ ማለቱ ነው›› ብሎ ቢፈታው ደግሞ የሰውየውን ቁስል ከመዝገብ ይፍቃል። በዚያች ደቂቃ የሚገባው ለጠያቂው ‹‹ማብራሪያ ልጠይቅ›› ብሎ አስታውቆ ወደ ባለታሪኩ ዞሮ ‹‹ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወፌ ላላ ምንድን ነው? እንዴት አድርገው ነበር?›› ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ምንም ዘይቤ የለበትም። እጅና እግር አንድ ላይ ታሰረ፣ በጉልበትና በክንድ መካከል በትር ገባ፣ ሰውየው ተገልብጦ ተሰቀለ፣ ውስጥ እግሩም ወደ ላይ ሆኖ ተገረፈ።